በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል

መርፌ መጀመሪያ የላከችልን ፎቶ የመስታወት ነበር። ከመሃሉ ተነስቶ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ አንድ ረጅም ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል። «ይሄ ይጠገናል ወይስ ይጣል?» ብላ ጻፈች።

«መስታወት አይጠገንም እህቴ። ደህናውን ቆርጠሽ ትንሽ መስታወት አድርጊው» አላት አናጢው።

«ትራፊውን ለቧንቧው ስጪው፤ መልኩን አይቶ አያውቅም» አለ አንዱ። ቧንቧ ሠራተኛውም የሚስቅ ፊት ላከ። ስለ ፀጉሩ ማንም ትንፍሽ አላለም።

የስልክ ቡድናችን «ይጠገናል» ይባላል። የተሰበረ ወይም የሚያፈስ ዕቃ ያለው ፎቶ ይልካል፤ የሚያውቅ ይመክራል። የመሠረቱት ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ጋሼ መፍቻ እንላቸዋለን። ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሰበረው አይጠየቅም። «ሰው ዕቃው ተሰብሮበት መጥቶ ደግሞ ምርመራ?» ይላሉ። ያልተጻፈ ሌላ ሕግም አለ፤ ቀድሞ የመለሰ ጀግና ነው። ጥያቄ ሲመጣ ልጆች ኳስ ላይ እንደሚረባረቡት ይረባረቡበታል።

እኔ ሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ሥራ ላይ መርጋት አልቻልኩም። ቤት ስሆን መንገድ ያምረኛል፤ መንገድ ስወጣ የምሄድበት ይጠፋኛል። እናቴ «ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ትለኛለች። ቡድኑ ውስጥ ስሜ ዲግሪ ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧዬን ምን ላድርገው ብዬ ስጠይቅ፣ ቧንቧ ሠራተኛው «ዲግሪህን ጠቅልለህ ወትፍበት» አለኝ፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ከማንም በላይ የማወራው ከእነሱ ጋር ቢሆንም ከመርፌ በቀር አንዳቸውንም በአካል አላውቅም ነበር።

መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ መሆኑን ያወቅሁት ሱሪ ላሳጥር ገብቼ ነው። የስፌት መኪናዋ መዘውር ለሁለት ተሰብሮ፣ ጋሼ መፍቻ ባሉት መሠረት በነሐስ ተበይዷል። በቡድኑ ፎቶ የማውቀውን ቢጫ ጠባሳ ከደጅ ሆኜ ለየሁት።

«አንቺ ነሽ እንዴ መርፌ?»

«ዲግሪ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ ላይ ያለው የሐኪም ስፌት ተወጠረና አፏን በእጇ ሸፈነች።

የተማርኩበት አገር ሰው ይህን ቢያይ ይጠይቃል። እዚህ ደግሞ ሰው ገመናውን ሲሸፍን አብረህ ትሸፍናለህ። የትኛው ነውር እንደሆነ መወሰን ስላቃተኝ ሱሪዬን ይዤ ወጣሁ።

ፎቶዎቹ ቀጠሉ። በእርግጫ የተሰነጠቀ ቁም ሳጥን፣ እጀታው የተገነጠለ ድስት፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር። አናጢው ኮላ እንዴት እንደሚቀባና በገመድ እንዴት እንደሚታሰር አስተማራት። ከዚያ አንድ ቀን «ከሱቄ ጀርባ ያለችው ክፍል በር ከውስጥ እንዴት ነው በደንብ የሚቀረቀረው?» አለች።

ለሁላችንም ገባን። አሁንም ማንም አልጠየቃትም፤ ግን የዚያን ቀን የጎረፈላት ምክር ለማንም ጎርፎ አያውቅም። አናጢው በእጁ ሥዕል ሥሎ ላከላት፤ በሩ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ በእጀታው በኩል ጫፉ ከበሩ ፍሬም አልፎ ግድግዳውን የሚነክስ ወፍራም እንጨት። «ዝሆን ቢስበው አይከፈትም» አላት። አሠርታ ፎቶውን ስትልክ አጨበጨብንላት። ከፎቶው ጥግ ፍራሽና ሻንጣ ይታያሉ። ሹፌር ባሏን ጥላ መውጣቷን የነገረን ይኸው ነበር።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት አዲስ አባል ጻፈ። ስሙን «የሰላም ሰው» ብሏል። ሰሞኑን ገብቶ «እንደምን ዋላችሁ ቤተሰቦች» ከማለት ያለፈ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ወንድሞቼ ድረሱልኝ። እናቴ ክፍል ውስጥ ወድቃለች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ድምጿ ጠፋ።»

ተረባረቡ።

«አይዞህ ወንድሜ! ወደ አንተ ነው የሚከፈተው?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«ማጠፊያው ከውጭ ከታየህ አለቀ» አለ አናጢው። «መቀርቀሪያውን እርሳው። ከማጠፊያው ሥር ምስማር ደግንና ፒኑን ወደ ላይ በመዶሻ ምታው። ከላይኛው ጀምር።»

«ዘይት ጠብ ብታደርግበት ይቀልሃል።»

«እናታችንን እግዜር ይማራት።»

«እንዲህ ነው?» ብሎ ፎቶ ላከ። ወፍራም አውራ ጣት፣ መዶሻ፣ ግማሽ የወጣ ፒን። መሥሪያ ቤት ምሳዬን ቆሜ እየበላሁ ነበር። ፎቶውን በሁለት ጣት ሳሰፋው ከጥጉ አንድ መዘውር ብቅ አለ፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ጠባሳ።

«አቁሙ! የመርፌ ሱቅ ነው!» ብዬ ልጽፍ ጣቶቼ ፊደል ይስታሉ። ከእኔ በፊት የእሷ መልእክት ገባ።

«ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ቀድሞ የመለሰላት እሱ ነው። «የላይኛው ወጥቷል። እግዜር ይስጥልኝ ቤተሰቦች።»

እየሮጥኩ ማንበቤን አላቆምኩም።

«ጋሼ፣ ከቡድኑ አስወጡት!»

«የቱን ነው የምነካው? ልጆች፣ የቱን ነው የምነካው?»

«ፖሊስ ጋ ደውያለሁ፤ አድራሻ ይሉኛል! የሚያውቅ አለ?» ቧንቧ ሠራተኛው ነው። አድራሻውን በድምፅ ቀርጬ ላክሁለት፤ ግማሹ ማለክለክ ነበር።

አናጢው ጻፈ። «እህቴ፣ መቀርቀሪያውን በወፍራም ሸራ ጠምጥሚና ከመስኮቱ ብረት ጋር እሰሪው። ደራርቢው። ማጠፊያው ቢወልቅም በሩ አይመጣለትም።»

እሱም አብሮን ያነባል። «ሸራውን እቆርጠዋለሁ። አናጢው፣ ያንተንም በር አገኘዋለሁ።»

የመጨረሻው መልእክት የእሷ ድምፅ ነበር። መዶሻው ይሰማል፤ በምትና በምት መካከል ትንፋሿ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ «ካውያው ሞቋል» አለች።

የሱቁ መዝጊያ እስከ ወገብ ወርዷል። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሦስቱም ፒኖች ወለሉ ላይ ናቸው። በሩ በማጠፊያው በኩል ተላቆ ተንጋዷል፤ በክፍተቱ ውስጥ ነጭ ሸራ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ አንገተ ወፍራም ሰውዬ፣ ባሏ መሆን አለበት፣ በራሷ የጨርቅ መቀስ እየቆረጠው ነው። ጣቶቹ በአንድ በኩል ተቃጥለው ተልጠዋል፤ እጁን ባስገባ ቁጥር ካውያው ጠብቆታል ማለት ነው።

«ተው» አልኩት።

ዞረ። «አንተ ደግሞ የማን ነህ?»

«ዲግሪ ነኝ።»

«ቧንቧው የሚንጠባጠብበት!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። እየሳቀ መዶሻውን አነሳና መታኝ። ፊቴን ልከልል ያነሳሁት ግራ ክንዴ ቀው አለ፤ ከሕመሙ በፊት የሰማሁት ድምፁን ነው። የስፌት መኪናው ላይ ወደቅሁ፤ መኪናው እኔ ላይ ወደቀ። ጎኔን ረገጠኝ፤ ደገመኝ። በሦስተኛው እግሩን አቀፍኩና ቁርጭምጭሚቱን ነከስኩት። የሰው ሥጋ እንዲህ ጠንካራ አይመስለኝም ነበር። ጮኸ፤ በመዶሻው እጀታ ጀርባዬን ወቀጠኝ። አልለቀቅሁም።

ያኔ የሸራው ትራፊ ተተረተረ። በሩ ከነመቀርቀሪያው ተገንድሶ እሱ ትከሻ ላይ መጣ፤ መዶሻው ከእጁ አመለጠ። መርፌ በሩን ረግጣ ወጣች። ካውያውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ፊቱ ላይ ለጠፈችው። ሽታው አፍንጫዬ ገባ። እሱ እየጮኸ ጉሮሮዋን ያዘ፤ እሷ የካውያውን ሹል አናቱ ላይ አሳረፈችው። እጁ ላላ። ደገመችው፤ ተንበረከከ። ስትሰልሰው በግንባሩ ተደፋ። አሁንም አነሳች።

«በቃ» አልኩ ከመኪናው ሥር።

«በቃ?» አለችኝ። ደም በቅንድቧ ላይ ይወርዳል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። «ማነው በቃ ባዩ? ስንት ጊዜ በቃ እንዳልኩ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።

ስልኬ ወለሉ ላይ ይንቀጠቀጣል። የድምፅ መቅጃውን በአፍንጫዬ ነክቼ ሁኔታውን ነገርኳቸው፤ እሷ ቆማለች፣ እሱ ከአናቱ ደሙ ይጎርፋል አልኩ። ቀጥሎ የጋሼ መፍቻ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ከዚያ በፊት ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ቀጭን ነው።

«ልጆቼ፣ ጨርቅ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ ጫኑበት። አምቡላንስ እስኪደርስ አትልቀቁት። የፈለገውን ቢሆን አትልቀቁት።»

መርፌ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ካውያውን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከሸራው ትራፊ አንዱን አንስታ እኔ አጠገብ ጣለችው።

«እኔ አልነካውም» አለች። «አንተ ከፈለግህ ንካው።» ተሻገረችው። ከመዝጊያው ሥር ጎንበስ ስትል የመንገዱ ብርሃን ጀርባዋን ነካትና ጠፋች።

ከመኪናው ሥር ተሳብኩ። ሸራውን በጥርሴ አጥፌ በደህናው እጄ አናቱ ላይ ጫንኩት። ደሙ በጣቶቼ መካከል ሙቅ ሆኖ ይወጣል። እጄን ባነሳው የሚያይ ሰው አልነበረም። አሰብኩት፤ አላሰብኩትም አልልም።

አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሄደች?»

«ሄደች።»

«ወዴት?»

ክርኑን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ፤ ፊቱን ወደ መዝጊያው፣ እሷ ወደ ወጣችበት አዞረ። ጉልበቴን ደረቱ ላይ አደረግሁና መልሼ አስተኛሁት። ሸራውን ቁስሉ ላይ የባሰ ጫንኩት። ጮኸ፤ እናቴን ሰደባት። አልለቀቅሁትም።