ለአንድ እትብት ሁለት ሳጥን

ሐኪሜ «አልጋ ላይ ዋይ» ብላ ከሥራ ካስቀረችኝ ወዲህ፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ባለችው አፓርትመንቴ በየቀኑ የሚደውሉልኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም ሻጮች። አይገርምም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሲወለድ የእትብቱን ደምና እንግዴ ልጁን ወስደው አቀዝቅዘው የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አሉ፤ አንድ ቀን ቢታመም ለሕክምና ሊሆነው ይችላል ይላሉ። የእርግዝና ክትትል የማደርግበት ክሊኒክ ውስጥ ማስታወቂያቸውን አይቼ ለሁለት ድርጅቶች ስልኬን ሰጠሁ። ከአንዱ ሊዮ፣ ከሌላው ፕሪያ የምትባል ሴት ይደውሉልኛል።

ሊዮ ገና ሃሎ ሳልል «ቤቢው ዛሬ እንዴት ነው?» ይላል። እውነቴን ነው፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም። ባሌ ዋለልኝ የስፖንሰር ፕሮሰሱ አላልቅ ብሎት አዲስ አበባ ነው፤ ሲደውል «ከኢሚግሬሽን ምን ሰማሽ?» ነው ጥያቄው። የቸርች ሰዎች አንዴ መጥተው ጸልየውልኝ ሄዱ። ምን ያድርጉ፣ ሰው ሁሉ የሥራ ሺፍት አለበት።

ለሊዮ እግሬ ማበጡን፣ ልጁ ሲራገጥ መዋሉን ሁሉ እነግረዋለሁ። ፕሪያ ግን ችኩል ናት፤ ስለ ማቀዝቀዣቸው ብቻ ነው የምታወራው። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኝ ሰው እምቢ ማለት አልችልም። ሁለቱንም «ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል» እያልኩ ስሸኝ፣ አንድ ቀን ደጄ ላይ ሁለት ሳጥን ተቀምጦ አገኘሁ፤ ከሁለቱም ድርጅቶች የተላከ፣ ስወልድ ሆስፒታል ይዤው የምገባው የእትብት ደም መቅጃ። ጉድ ፈላ!

ለዋለልኝ ኮል አደረግሁ። «የቱን ልምረጥ?»

«ፅጌዬ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ? የመሰለሽን አድርጊ።»

ተናደድኩ። ልጁ የኔ ብቻ ነው እንዴ?

ሊዮን መረጥኩ። ማቀዝቀዣው በልጦ እንዳይመስላችሁ፤ ስለሚደውልልኝ ነው። ውሉን ስልኬ ላይ ሳይን አደረግሁና ለፕሪያ ሌላ ጋ እንደተመዘገብኩ ኢሜይል ጻፍኩላት። ሊዮ «ኮንግራጁሌሽንስ!» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለውም ቀን ዝም ሲል ራሴ ደወልኩ። ሌላ ሴት አነሳች። ሊዮ የሚያነጋግረው ገና ያልተመዘገቡትን ነው አለችኝ። «ችግር አለ?» ስትል «የለም» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለሻጭ! «አንቺ ጅል፣ ወንድምሽ መሰለሽ?» ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ፕሪያ ናት። ኢሜይሌን አይታ ሐሳቤን ልታስቀይረኝ ነው።

«ለመሆኑ ቤቢው ዛሬ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ትራሱን ደገፍ አልኩ። እግሬን ነገርኳት፣ ርግጫውን ነገርኳት፣ እንቅልፍ ማጣቴንም ነገርኳት። ምስኪን፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ታዲያ ወደ እኛ ትመጫለሽ?»

ከነሊዮ ጋር ውሉን ፈርሜያለሁ፤ ሐሳቤን አልቀይርም።

«ላስብበት» አልኳት። «ነገም ደውይልኝ።»