ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት

«ኢንተርኔቱ ዛሬም ሄደ» አለች ሀና፣ በሴቶቹ መሀል ጎንበስ ብላ መጥታ በሱንዱስ ጆሮ። «አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ እኮ። ፈተናዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

ሱንዱስ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። የአባቷ የባህረዲን ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል፤ ወንዶቹ ታች፣ ከአብነት ወደ አውቶቡስ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሀና ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ባህረዲን ለሴት ተማሪዎች ካከራያቸው ስምንት ክፍሎች በአንዱ ትኖራለች። የማስተርስ መግቢያ ፈተናዋን ዛሬ የምትፈተነው እዚያው ክፍሏ ተቀምጣ፣ ካሜራ ፊት፣ በኢንተርኔት ነው። ከሦስት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ያሳለፈ አይገባም። የስልክ ኔትወርክ ደግሞ ያንን የኮንክሪት ግድግዳ አልፎ አያውቅም።

«ከአርብ ጀምሮ እንዲህ ነው አሉ» ብለው ገቡበት እትዬ እቴቴ፣ የጎረቤት ባለሱቅ። ከጆሯቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። «ሲነጋ ይሄዳል፣ ለዙህር አዛን ትንሽ ሲቀረው ይመጣል። ነፍሱን ይማረውና፣ ባህረዲን ራሱ እየመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚያጠፋው።»

«ኧረ በአላህ፣ እትዬ!» አለች የሱንዱስ አክስት ሐጀራ። «ለቅሶ ቤት ይቀለዳል?»

«ምን ቀለድኩ? በቁሙስ መብራት እያጠፋ ይዞር አልነበር?»

ሴቶቹ በነጠላና በሻርፕ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሱንዱስ አልሳቀችም። አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል። «ነይ» ብላ ሀናን አስከትላ ወጣች።

ደረጃው ላይ አጎቷ ጀማለዲን አገኛቸው። «ወዴት ነው? ሼሆቹ ለዱዓ እየመጡ ነው።»

«ኢንተርኔቱን ልይ።»

«ተይው፣ ልጄ። ወንድሜ የማያውቀውን ነገር ጀምሮ ነው የሞተው። ነገ ነቅለን ባለሙያ እናስገባለን።»

ሱንዱስ አልፋው ወጣች። ባለሙያዋ እሷ ነበረች። በኔትወርክ ሥራ ተመርቃ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መስመር በሙሉ በእጇ ነው። አባቷ ለተማሪዎቹ ኢንተርኔት እንድትዘረጋለት «መቼ ትመጪልኛለሽ?» ሲላት፣ «በዚህ ሳምንት» እያለች ሦስት ወር አለፈ። አራተኛው ላይ ራሱ ጀመረው።

ኢንተርኔቱን ለክፍሎቹ የሚያሰራጩት ነጫጮቹ ሳጥኖች በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ መስቀያቸውን ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ያሠራው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ስትመጣ መሰላል ላይ አግኝታው ነበር።

«ሀና፣ መጣልሽ?» ይላል ሳጥኑን ይዞ።

«መጣ፣ ጋሼ!» ትላለች ከክፍሏ።

ሁለት ክንድ ፈቀቅ ያደርገዋል። «አሁንስ?»

«ሄደ!»

«ወዴት ሄደ?» ብሎ በቁሙ የዶሮ ሌባ እንዳመለጠው ሰው ኮሪደሩን ቃኘ። ሱንዱስ ያን ቀን «ባለሙያ ጥራ፣ አባ፣ ራስህን አታድክም» ብላው ሻይዋን ሳትጨርስ ነበር የሄደችው።

አሁን ዋናው ሳጥን ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፗን በአጭር ሽቦ አገናኘች፤ የይለፍ ቃሉን ከሳጥኑ ጀርባ አነበበች። አባቷ እሱን አልቀየረውም ነበር።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ» አለች ሀና ጥፍሯን እየበላች።

«ሰዓት አትጥሪብኝ።»

መስመሩን አየች፤ ደህና ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ስህተት ስትፈልግ ስህተት አጣች፤ አቀማመጣቸው እንኳ እሷ ከምታደርገው አይለይም። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ታች ዱዓው ተጀምሮ የወንዶቹ «አሚን» በመስኮቱ ይገባል። አጎቷ እውነቱን ይሆን? ያልከፈተችው አንድ ገጽ ቀርቷል፤ ከፈተችው።

መዝጊያ፦ 06:00። መክፈቻ፦ 12:00።

ሐሙስ ነበር የደወለላት፤ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት። «ልጆቹ ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጠው ያድሩና ክፍል ውስጥ ይተኛሉ» አለ። «ይሄ ሳጥን ሰዓት ያውቃል?»

«ያውቃል፣ አባ። ከስንት እስከ ስንት እንደሚዘጋ መሙላት ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እሺ፣ ግን ሰዓቱን...» ሲል ዘጋችው። በማግስቱ ከጁምዓ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ወደቀ።

ከሌሊቱ ስድስት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ነው የሞላው። ሳጥኑ ሰዓት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ነው። ልጆቹን ሌሊት ለቆ፣ ጠዋት ሲነሱ እስከ ቀትር ይዘጋባቸዋል።

«ምንድን ነው? አገኘሽው?» አለች ሀና።

«አገኘሁት።»

ቁጥሮቹን መለወጥ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ስድስት። አሥራ ሁለት። በአንድ ጣቱ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፈልጎ ፈልጎ የነካቸው ናቸው። ጣቷን አነሳች።

የሳጥኑን ሰዓት ወደሚያስተካክለው ገጽ ገባች። የከተሞቹ ዝርዝር ናይሮቢ ላይ ቆሟል፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። የአባቷ ቁጥሮች ሳይነኩ ሌሊቱ ላይ እንዲውሉ፣ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የሚሄድ ከተማ እየፈለገች ወረደች።

«ቶኪዮ?» ሀና ጮኸች። «ሱንዱስ፣ ፈተናው ሊያልፈኝ ነው እኮ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«ግቢና ኮምፒውተርሽ ፊት ተቀመጪ።»

ቶኪዮን መርጣ አስቀመጠችው። የሳጥኑ መብራቶች በሙሉ ጠፉ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። በጭለማው ሳጥን ላይ አፈጠጠች። አንዱ መብራት ቀይ ሆነ፤ ቀይ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ አረንጓዴ።

«መጣ!» አለች ሀና ከውስጥ፣ በሩንም ዘጋችው።

ከታች ሐጀራ ስሟን ትጠራለች። ሱንዱስ ግን አልተነሳችም። ነገ የሚመጣው ባለሙያ ቶኪዮን ሲያይ ይስቃል፤ ከዚያም ያስተካክለዋል። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ በነጩ ሳጥን ላይ፣ እንዳይለቅ ሁለት ጊዜ እየደገመችበት፣ ጻፈች።

«በሀበሻ ሰዓት ነው። እንዳይነካ።»