ስም የሌላት ወፍ

…ደግሞስ ሽማግሌ የላከን ሰው ራሱን አስጠርቶ፣ ከዶሮና ከእንቁላል ማን ይቀድማል ብሎ የሚጠይቅ አማት የት አገር አለ፣ ነገር አለው፣ ማንደፍሮ የመደቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነገሩን ያሸታል።

መልስ እንጂ መምህር፣ ይላሉ አያ ኪዳኑ፣ የመክሊት አባት። መክሊት ጓዳ ናት፣ ድምፅዋ የለም፣ እናቷ ወይዘሮ አስቻለች ግን ከዚያው በኽምጥኛ፣ እሱ በማይሰማው ቋንቋ፣ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፣ አያ ኪዳኑ ይስቃሉ፣ ምን አሉ፣ በእሱ ነው፣ በማን ሊሆን ነው። ጥያቄውንስ ማን አቀበላቸው፣ ደረሰ ነው፣ የኬሚስትሪ አስተማሪው ደረሰ፣ መክሊትን ባየ ቁጥር ቀበቶውን የሚያስተካክለው፣ ስለ እሱ፣ ያ ባዮሎጂ አስተማሪ ሃይማኖት የለውም ብሎ አስወርቷል፣ እንቁላል ቢል ከሓዲ፣ ዶሮ ቢል የራሱን ትምህርት የካደ።

እንቁላል፣ ይላል ማንደፍሮ፣ አፉ ቀደመው። ዓሣና እንሽላሊት እንቁላል ሲጥሉ ዶሮ የት ነበረች፣ የመጀመሪያዋ ዶሮም ከእንቁላል ነው የወጣችው።

እሱንስ ማን ጣለው?

ለዶሮ የቀረበች፣ ገና ዶሮ ያልሆነች ወፍ። ልጅ ከእናቷ በጥቂቱ ትለያለች፣ እናትም ከእናቷ፣ ዛሬ ዶሮ ሆነች የሚባልበት ቀን የለም አባቴ።

ስሟስ?

ስም የላትም።

እህ! ስም የሌላት እናት! ጺማቸውን ያሻሉ። ያንተስ ስድስተኛ አያት እንደ ወፏ ናቸው?

ለካ እዚህ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም፣ የላካቸው ሽማግሌዎች አምስተኛው ላይ የቆሙት እሱ ስለማያውቅ ነው፣ አባቱ በልጅነቱ ሞቶ የነገረው የለም፣ አላውቅም ቢል ዘሩ የማይታወቅ የጎጃም መጤ፣ መክሊትም ለደረሰ ልትሆን ነው፣ አይሆንም። ወደ ኋላ ከተቆጠረማ ሁላችንም አንድ ቤት ነን ቢልስ፣ ይሄ ጭራሽ አይባልም፣ ሰውዬው የሚፈልጉት ስም ነው፣ ስም ደግሞ አይጠፋም፣ ያረጀ፣ የተከበረ፣ ቄስ ቄስ የሚሸት፣

ወልደ ሐዋርያት፣ ይላል። ስድስተኛው ወልደ ሐዋርያት ናቸው።

አያ ኪዳኑ ቀስ ብለው ይነሣሉ።

የእኛው የዝቋላ ሰው? በክፉ ቀን ወደ ጎጃም የተሰደደው? የቅድመ አያቴ ወንድም! እኛ እኮ ዘሩ ጠፋ ብለን ነበር!

እውነታቸውን ነው? ወይስ እሳቸውም አሁን ፈጠሩት፣ ልጄን አልሰጥህም ከማለት ዘመዴ ነህ ማለት ይቀላላ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ እንባም ሲያስፈልግ ይመጣል፣ ይዋሻሉ እንዳይል ቀድሞ የዋሸው እሱ፣ ዋሽቻለሁ ቢል አያት ፈጥሮ የመጣ ቀጣፊ፣ ዝም ቢል ደግሞ፣ ዝም ቢል፣ አቅፈውታል፣ ትከሻውን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይስሙታል፣ ጺማቸው አንገቱን ይወጋዋል።

አንቺ መክሊት! ይጣራሉ ሽማግሌው። ነይ ውጪ፣ ወንድምሽን ሳሚ!