ለመግሪብ የተቀዳ ውሃ

ኻሚሳ የተጎናጸፈችውን ቶብ ጫፍ ፈታችና የቋጠረችውን የወሊድ መከላከያ ኪኒን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ውሰጂ፣ ሲስተር። ደሙ መቆም እምቢ አለ።"

ሲስተር አስረሳሽ የኪኒኑን እሽግ ገልብጣ አየችው። አንድ ቀን አልተዘለለም። ከጎጃም ተመድባ መንጌ ጤና ጣቢያ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደዚህ በሥርዓት የዋጠች ሴት አላጋጠመቻትም።

"ስንት ቀን ሆነሽ?"

"ሃያ ሁለት። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው። ወንዝ ወርጄ ወርቅ ሳጥብ ዓይኔ ይጨልማል።" ያመጣት ግን የዓይኗ መጨለም አልነበረም። "ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ሰላት የለም። አማቴ ታያለች።"

አስረሳሽ ይሄንን በትምህርት ቤት ያስተማራት የለም። ኻሚሳ ቤት ሴት ደም ካየች አትሰግድም፤ ሳምንት ሲሞላ ታጥባ ወደ ምንጣፏ ትመለሳለች። አማቷ የምትሰግደው ደግሞ እዚያው ጎኗ ነው። የአማት ዓይን መቼ ያንቀላፋና!

ኪኒኑን የጀመረችው ወድዳ አይደለም። አምና አምስተኛዋን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በቃሬዛ ነው የመጣችው። ያን ጊዜ አስረሳሽ፣ "ስድስተኛ ካረገዝሽ እኔን ሳይሆን ቀባሪ ጥሪ" አለቻት። ክፉ አፍ ነው፤ ግን እውነቷን ነበር። ባሏ ማህጁብ አዲሱ ክልል ሲቋቋም አሶሳ ቢሮ ተቀጥሯል፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣ የወንድ ልጅ ቁጥር ጨምሪልኝ ይላል። ስለ ኪኒኑ ቢሰማ እንደሚፈታት ታውቃለች።

"መርፌ አለ፤ ሦስት ወር ይይዛል" አለች አስረሳሽ።

"ደሙ ይቆማል?"

"አንዳንዷ ላይ ጭራሽ ይቆማል፤ አንዳንዷ ላይ ይብሳል። ዋስ አልሆንሽም።"

"ከባሰስ፣ ይወጣል?"

"አንዴ ከገባ ምኑ ይወጣል? መቻል ነው።"

"ያ ማህፀን የሚገባውስ?"

"ሉፕ? እሱ አሶሳ ሄደሽ አድረሽ ነው። የወር አበባም ያበዛል።"

"ሁሉም ደም ነው" አለች ኻሚሳ።

አስረሳሽ ኪኒኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። "ሼካችሁን ብትጠይቂስ? ምናልባት የመድኃኒት ደም ሌላ ሕግ ይኖረው ይሆናል።"

"ሼኩ የአማቴ ወንድም ነው።"

ኻሚሳ ቶቧን ከትከሻዋ አውርዳ ለመርፌው ክንዷን ሰጠች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አማቷ ለመግሪብ ሰላት መታጠቢያ ውሃ በኢብሪቅ ማንቆርቆሪያ ቀድታ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። በበርታኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

"ዛሬም አትሰግጂም?"

ኻሚሳ አልፋት ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል አማቷ ቀጠለች።

"ሃያ ሁለት ቀን ቆጥሬያለሁ፣ ልጄ። ወይ ታመሻል፣ ወይ ሆድሽን የዘጋሽበት ነገር አለ። ነገ ማህጁብ ሲመጣ እሱ ይጠይቅሽ።"

አምስቱ ልጆች ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ትንሿ ገና መራመድ አልቻለችም። ኻሚሳ አየቻቸው። ከዚያም ኢብሪቁን ከአማቷ እጅ ተቀበለች።

"ጸድቻለሁ። ወንዝ ታጥቤ ነው የመጣሁት።"

አማቷ ፊቷ ፈታ አለ፤ ምንጣፉንም ሰፋ አድርጋ ዘረጋችላት። ኻሚሳ እጇን፣ ፊቷን፣ እግሯን ታጥባ አጠገቧ ቆመች። ደሙ አሁንም ጠብ ይላል። አላህ ዘንድ ከዚህ የከፋ ድፍረት ያለ አልመሰላትም፤ ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፈረች።

አማቷ ስታጎነብስ እሷም አጎነበሰች።