ላስቲኩ ያልተላጠ ራኬት

"እውነቴን ነው የምልሽ፣ እጅ ላይ ያለች አትመስልም" አለ የባድሜንተን ክለቡ ጸሐፊ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደ ራኬት ብድግ አድርጎ። ሻዩ ሱሪው ላይ ተደፋ። "ቀላል ናት። ላባውን ስትመቺው ድምጿ ራሱ ደስ ይላል።"

"ጠንካራስ ናት?" አለች የሟቹ ሚስት።

"ምን ነካሽ! ብረት በያት።"

ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ላይ ግድግዳውን ይዘው የተቀመጡት ለቀስተኞች ወደ ሁለቱ ዞር ዞር አሉ። ባሏን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እሷ ደግሞ ስለ ባድሜንተን ራኬት ትጠይቃለች። የሟቹ ታላቅ እህት በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ምን ይላል?" አለች በሹክሹክታ። "ለቅሶ ላይ ነሽ እኮ።"

"የፈለገውን ይበል፣ እትዬ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀብር በተመለሱ ማግስት እትዬ ቁርጡን ተናግራለች። ለቅሶው ሲያበቃ የጓሮው ክፍል ይጸዳል፤ ያ "የብረት ጉድ" የምትለውም ለብረት ሰብሳቢ ይሰጣል። የብረት ጉድ ያለችው ወንድሟ የራኬት ቅርጽ የሚያወጣበትን ሞልድ ነው። ሚስትየዋ ግን እንቢ አለች። "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እሱ በሠራት ራኬት ተጫውቶ ጥሩ ናት ካለ አልጥለውም። የሚሠራበት ሰው ፈልጌ እሰጣለሁ እንጂ" አለች። እናም ከክለቡ ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። ጸሐፊው ቀላል ናት አላት። አሰልጣኟ ክንድ አታደክምም አለቻት። ከተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው የጥርስ ሐኪም እንዲህ ያለ ራኬት በሕይወቱ ይዞ እንደማያውቅ ማለ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ምላሱ እንደሚለሰልስ ጠፍቷት አይደለም፤ ግን እንዲህ ሲሏት ደረቷ ቀለል ይላት ነበር፣ ስለዚህ አመነቻቸው።

ባሏን ሰው ሁሉ "ወጣሪው" ነበር የሚለው። በስፖርት አዳራሹ ደረጃ ሥር፣ ዞር ለማለት በማትበቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የክለቡን ራኬቶች ክር ሲወጥር ኖረ። አንድ ቀን የተሰበረ ውድ ራኬት ይዞ መጣና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀው።

"ስሚኝማ" አላት። "ይሄ እኮ ውስጡ ባዶ ነው! ዕድሜ ልኬን ባዶ ነገር ነው እንዴ ስወጥር የኖርኩት?"

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። ሞልዱን አሠራ፤ የካርቦን ጨርቁን በኮላ እየነከረ ይጠቀልልና እሷ ዳቦ በምትጋግርበት ኦቨን ያበስለዋል። ዳቦው ኮላ ኮላ አለ። "ወይ ራኬቱን ወይ ዳቦውን፣ ምረጥ!" ብላ ብትጮህበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ዳቦ እንኳ ሱቅም አለ" አላት። የመጀመሪያው ራኬት ተጣሞ ሲወጣ "ሾርባ ልናወጣበት ነው?" አለችው፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አራት ዓመት እንደዚያ ሄደ። ተናዳበታለች፣ አኩርፋዋለች፣ ደግሞ ክሩን ሲቆርጥ ፍሬሙን የምትይዝለት እሷው ነበረች።

"አንዷ ክር ከተበጠሰች የቀሩት ፍሬሙን ወዳንድ ጎን ይጎትቱታል" ይላት ነበር። "ሳትውይ ሳታድሪ ሁሉንም መቁረጥ ነው። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር። ራኬቷም ትረፍ።"

በመጨረሻ ስድስት ቀጥ ያሉ ወጡለት። እጀታቸውን፣ ሊጫወቱ ሲሉ በሚላጥ ስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ለስድስት ተጫዋቾች ሰጠ። "ተጫወቱባትና የተሰማችሁን ንገሩኝ፤ ይሉኝታ አልፈልግም" አላቸው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማታ ሲገባ "ዛሬስ የተናገረ አለ?" ትለዋለች። "እየተጫወቱባት ይሆናል። ይሄ እኮ ጊዜ ይፈልጋል" ይላታል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ግንባሩን የመወጠሪያው ማሽን ላይ ደፍቶ አገኙት። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ክር እየመረመረ መስሎት ነበር። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጸሐፊው አምስት ራኬቶች በየማኅደራቸው ታቅፎ መጣ። "በክለቡ ስም... ማስታወሻ ይሁኑሽ ብለን ነው" አላት።

"ስድስተኛዋስ?"

"አይመቸኝም ጋ ናት። ታውቂው የለ እሱን?"

እንዴት አታውቀው! ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ራኬቱን ሲሰጡት "ላልታለች፣ አይመቸኝም" ይላል፤ ሲያከሩለት "ከረረች፣ አይመቸኝም" ይላል፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ባሏ ብዙ ቀን ማታ የሚገባው እሱን እየረገመ ነበር። ለለቅሶ ባይመጣ ደስታዋ ነው፤ ሰው ሁሉ ባመሰገነበት ቤት እሱ አንድ እንከን አያጣም።

ከምሳ በኋላ ሰው ሳሳ ሲል አምስቱን ይዛ ጓሮ ክፍል ገባች። ልታያቸው ብቻ ነው፤ እሱ የነካቸውን ልትነካ። የመጀመሪያውን ማኅደር ዚፕ ከፈተች።

የተጫወቱበትን ራኬት እሷ ታውቃለች። ጫፉ ወለል እየነካ ይፋቃል፤ እጀታው በላብ ይጠቁራል፤ መሃል ላይ ክሩ ጸጉር ያወጣል። ይህቺ ግን ምንም አልነካት። ባሏ የጠቀለላት ስስ ላስቲክ እጀታዋ ላይ እንዳለ ነው፤ ጫፉን ያጣበቀባት ቁራጭ ፕላስተር እንኳ አልተነሳችም። ሁለተኛዋን ከፈተች። ሦስተኛዋን። አምስቱም እንደዚያው ናቸው። አምስቱም አንድ ላባ እንኳ አልመቱም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የመጣባት ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። በሩን ከፈት አድርጋ አሰልጣኟን ጠራቻት።

አሰልጣኟ ገብታ ላስቲኩን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ክንድ አታደክምም አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"ላስቲኩን እንኳ አልላጥሽውም እኮ!"

"ፈርቼ ነው" አለች አሰልጣኟ፤ እንባዋ ወረደ። "እጄ ላይ ብትሰበርስ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሌላው ይሞክራት፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ አልኩ። ለካ ሁላችንም እንደዚያው ብለን ኖሯል። በበሩ ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምንም አይለኝም፣ ብቻ ያየኛል። አልቻልኩም፤ በአዳራሹ የጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። እንወደው ነበር እኮ!"

"ብትጠሉት ይሻለው ነበር" አለቻት። አልጮኸችም። ራኬቶቹን አንድ በአንድ ወደ ማኅደራቸው መለሰቻቸው፤ ዚፖቹን ዘጋች።

በለቅሶው መጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት፣ አይመቸኝም መጣ። የሰፋው ኮት ለብሶ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዞ በር አጠገብ ተቀመጠ።

"ይሄ ደሞ ምን ሊል መጣ?" አለች እትዬ።

ሰውየው ሁለት ጊዜ ተቁነጠነጠና ተነሳ። "እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ወንበሯ አትመቸኝም፤ ቆሜ ልንገርሽ" አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ። ፎጣውን ፈታው።

ስድስተኛዋ ራኬት ናት። አንገቷ ላይ ተሰብራ ጭንቅላቷ በአንዲት ስስ የካርቦን ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ሚስትየዋ ግን መጀመሪያ ያየችው ስብራቱን አይደለም። እጀታዋ በላብ ጠቁሯል፤ ጫፏ ተፋፍቋል፤ ክሯ መሃል ላይ ጸጉር አውጥቷል።

"ተጫውተውባታል!"

"ታዲያ ምን ላርጋት? ለጌጥ አልሰጠኝ። ጠዋትም ማታም ተጫወትኩባት።"

"እና እንዴት ናት?" አለች።

"ከኋላ መስመር አትመቸኝም" አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ራኬቷ ላይ ተክሎ። "ጭንቅላቷ ይከብዳል፤ ትዘገያለች፤ ክንዴን አሳመመችኝ። እጀታዋም ወፍሯል። መረብ ላይ ግን..." አንጓውን በትንሹ ዞር አደረገ፤ ላባ ከመረቡ ጫፍ ላይ በስሱ የሚያሳልፍ ይመስል። "መረብ ላይ እንደሷ የታዘዘችልኝ ዕድሜዬን ሙሉ አልያዝኩም። ወዴት እንደምልከው ከኔ ቀድማ ታውቃለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተሰበረች። ጨክኜም አልመታሁባት።"

"ነገሩት?"

"ነገርኩት እንጂ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት።"

የትኛው ዕለት እንደሆነ ለማንም አልጠፋም። ሰምቶ ነው የሞተው ማለት ነው፤ ይህን ስታስብ የወንበር መደገፊያ ያዘች። "ምን አለ?" አለች።

"ሳቀብኝ። አገላብጦ አያትና 'አምስቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደበደቡ ምንም አልሆኑም፤ ያንተ እጅ ነው ችግሩ!' አለኝ። 'ግዴለም፣ ቀጣይዋን ላንተ ብዬ አንገቷን አወፍራታለሁ' አለኝ። አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።" በፎጣው ፊቱን ጠረገ። "እኔም የሹፌር እጅ ነው፣ እውነቱን ነው አልኩ። የሌሎቹ ደህና ናቸው አይደል?"

ጸሐፊው ሻይ የሚያመጣ መስሎ ወጣ። አሰልጣኟ አንገቷን ደፋች። ሚስትየዋ የተሰበረውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ስድስቱም ከአንድ ሞልድ፣ ከአንድ ኦቨን ነው የወጡት። አምስቱ ውስጥም ያለው ይኸው አንገት ነው። እሱ በአምስቱ ተማምኖ፣ እየሳቀ ሄደ። አምስቱ የት እንደነበሩ የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት፤ ይህን ይዛ ነው የምትኖረው።

"ደህና ናቸው" አለችው። "ምንም አልሆኑም።"

"ተመስገን። እነሱስ ይኑሩለት።"

እትዬ ጠጋ አለቻት። ወንድሟ ስቆ መሞቱን ስትሰማ ልቧ ሳይራራ አልቀረም። "በቃ፣ አንድ ሰው ጥሩ ናት ካለ ብለሽ አልነበር? ይኸው አለሽ። ክፍሉ ይቆይ ካልሽ ይቆይ" አለች።

"እሱ ከሌለ አንገቷን የሚያወፍራት ማን ነው፣ እትዬ? ብረት ሰብሳቢውን ጥሪው።"

"የምርሽን ነው?"

"ጥሪው።"

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። "ክሩን አልቆረጡትም" አለችው።

"እሱ ነበር የሚቆርጥልኝ።"

ጓሮ ክፍል ገብታ የባሏን መቀስ ይዛ ተመለሰች። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሰውየውም ጉልበቱ እየተንቋቋ ፊት ለፊቷ ወረደ።

"ይያዙልኝ" አለችው። "በሁለት እጅዎ። ጠበቅ አርገው።"

ፍሬሙን ግራና ቀኝ ያዘላት፤ እሷ ለባሏ ትይዝለት እንደነበረው። የመሃሏን ክር በጣቷ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ እየቆረጠች ወደ ዳር፣ ወደ ዳር ሄደች።