ፊቷ ያልተጻፈው ሴት

ጎረቤቷ ወይዘሮ የሺሀረግ ወደ ሃዊ ጠጋ ብለው፣ ቦና ከእጁ የማይለየው ያ ወፍራም መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት። የሃዊ ወንድም ቦና የተቀበረው ትናንት ነው። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መዝሙራቸውን ጨርሰው ሻይ እየጠጡ ነበር።

«አይደለም» አለች ሃዊ። «ልቦለድ ነው።»

ጎረቤቷ ስለ ምን እንደሚያወራ ሲጠይቋት ግን ሻይ ልጨምርልዎ አለቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት ያነበበችውን መጽሐፍ ለማንም አስረድታ አታውቅም። ማስረዳት የቦና ሥራ ነበር።

ቦና ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ልቦለድ አራቱንም ቅጽ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛው ሃዊ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይዟት ይወጣና ከጽድ ሥር ተቀምጠው ያነቡ ነበር። ታሪኩ አንድ ባሕር ከደረቀ በኋላ በወለሉ ላይ እየተጓዘ ካርታ የሚሠራ ሰው ስለ ራሱ የሚተርከው ነው። ደራሲው አንድም ነገር በቀጥታ አይናገርም። የመንደሩ ሰዎች «የተኛው ዓሣ ነባሪ» እያሉ የሚሰግዱለት ነገር ከሰማይ የወረደ የዛገ መርከብ መሆኑን ሃዊ የደረሰችበት ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ነው፤ ያውም ካርታ ሠሪው በአንድ ዐረፍተ ነገር ካነሳት የዝገት ሽታ ተነሥታ። ያን ቀን ቦና ቆሞ አጨበጨበላት።

«የሚነግርሽን ተይው» ይላት ነበር። «የሚዘለውን እዪ።»

አንድ ነገር ላይ ግን ሳይስማሙ ቀሩ። ካርታ ሠሪው ያገኘውን ሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ይገልጻል። የመብራት ዘይት የምትሸጥ አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ቤቷ ታሳድረዋለች፤ የእሷን ፊት አይገልጽም። ሃዊ፣ ሴትዮዋ እህቱ ናት፣ እሱም ያውቃል አለች፤ ፊቷን ቢጽፍ የራሱን ፊት መጻፍ ሆኖበት ነው። ቦና ደግሞ እህቱስ ትሁን፣ እሱ ግን አላወቃትም ብሎ ድርቅ አለ። ስድስት ዓመት ተከራከሩ።

ከዚያ ሃዊ አግብታ ሸጎሌ ገባች፤ ወለደች። ቦና ይደውላል፤ እሷ የሚመጣው ቅዳሜ ትለዋለች። የሚመጣው ቅዳሜ ልጇ ያተኩሰዋል፣ ወይም እንግዳ ይመጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቦና አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም፤ ወይም እሷ አላየችም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ቦታው ወደቀ። ሆስፒታል ስትደርስ ኩላሊቱ ከሁለት ዓመት በፊት መድከሙን፣ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት እንደሚያደርግ ከሐኪም ሰማች። ሐሙስ ሳይናገር አረፈ።

ሃዊ ከወይዘሮ የሺሀረግ አጠገብ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማዬ፣ አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃል አስገብቶኝ ነው ልጄ። ራሴ እነግራታለሁ አለኝ።»

ሃዊ የጓዳውን ግድግዳ ተደገፈች። ባለፈው ገና ቦና ምሳ ላይ ውኃ አልፈልግም ማለቱ፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ መልበሱ ትዝ አላት። ታጣቢ ውኃ እንደሚከለከል፣ ክንዱም በመርፌ እንደሚጠባሰስ ሐኪሙ ነግሯታል። ያን ጊዜ ዓይኗ እያየ ነበር። ከአንዲት የዝገት ሽታ መርከብ ያገኘችው ሴት፣ የወንድሟን ሕመም ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ዶሮ ወጥ ጨመረችለት። ዛሬ ደግሞ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ የንባባቸው ቀን። ጓዳው ውስጥ ቆማ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ማንም የማያውቀው ሰው መጣ። ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ጥቁር ቅባት አለ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠና የተሰጠውን ሻይ አንዴ ብቻ ፉት ብሎ መለሰው። ሃዊ አየችው። ረጅም እጅጌውንም አየች። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተም ትታጠባለህ?»

ሰውየው ደንግጦ አያት፤ ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ። ኦልያድ እባላለሁ አለ፤ ሸጎሌ ጎሚስታ ነው። ሁለት ዓመት ከቦና ጎን ለጎን ተኝቶ ታጥቧል። እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ቦና መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየመለሰ ያነብለት ነበር። ሦስተኛው ቅጽ መሐል ደርሰው ነበር።

«አንቺ ሃዊ ነሽ» አለ ኦልያድ። «ዓሣ ነባሪውን ያወቅሽው።»

ሃዊ ወደ እሱ ዞረች፤ እሱም ቀጠለ።

«ስለ ዘይት ሻጯ ተሸንፌያለሁ ብሎኝ ነበር። ካርታ ሠሪው እህቱ መሆኗን ያውቃል አለኝ። ፊቷን ያልጻፈው፣ እንዳወቃት ካየች ተከትላው እንዳትወጣ ነው፤ መንገዱ ክፉ ነው። አንድ ቅዳሜ ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ ይል ነበር።»

«በስልክ ለምን አልነገረኝም? መታመሙንስ?»

ኦልያድ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ወደ መሬት አየ።

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ከነገርኳት ነገውኑ ትመጣለች› አለኝ። ‹ስለ በሽታው እንድትመጣ አልፈልግም። ስለ መጽሐፉ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።›»

ሃዊ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኦልያድ ሊያጽናናት ስለ መጽሐፉ ማውራት ቀጠለ። ያቆሙት ካርታ ሠሪው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሴትዮዋ ከተማ ሊመለስ ሲነሣ ነው አለ፤ ወደ ዸሩን።

የከተማይቱን ስም እንዲህ ብሎ የሚጠራ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። መጽሐፉ ላይ የመጀመሪያ ፊደሏ ተራ የእንግሊዝኛ «D» ናት፤ «ደ» ተብላ ትነበባለች። ቦና ግን ምላሱን ወደ ላይ አጥፎ፣ አባታቸው ለሃዊ ወተት ሲሰጧት በኦሮምኛ «ዹጊ»፣ ጠጪ፣ ይሏት እንደነበረው ነው ከተማዋን የሚጠራት። ሃዊ ስታርመው ኖራለች። ኦልያድ መጽሐፉን በዓይኑ አንብቦት አያውቅም፤ ስሙን የሰማው ከቦና አፍ ብቻ ነው።

«የት ነው የሚመለሰው?» አለች።

«ወደ ዸሩን።»

ሃዊ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«እስቲ ድገመው» አለችው።