አባይነሽን ማን ጠየቃት?

«ቆይ፣ ቆይ! እስቲ እሱን ድገሚልን» አሉ እትዬ አየለች። ሥራ የፈቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተጋድመዋል። ቀኑ ሚካኤል ነው፤ እንዝርት አይነካም። ጎረቤቶቹ በአዛለች ቤት የተሰበሰቡትም ጆሯቸው እንኳ ሥራ እንዳይፈታ ነበር።

ሐረገወይን ከያዘችው መጽሐፍ ደግማ አነበበችው። ፊታውራሪው አባይነሽን ከምንጭ ስትመለስ አድፍጦ ያዛት፤ በበቅሎ ጭኖ ሲያስጋልብ ነጠላዋ እሾህ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«እሷስ ምን ይዋጣት!» አሉ እትዬ አየለች ደረታቸውን መታ አድርገው። «የየት አገር ሰው ናት? ማክሰኝት ገበያ ብጠይቅ ዘመዷን አላጣም።»

ሐረገወይን ሳቋን ዋጠች። እነዚህ ሴቶች እስከ ዛሬ ሲነበብ የሰሙት ድርሳነ ሚካኤልን ነው። በመጽሐፍ የሰፈረ ሰው ሁሉ የኖረ አይደለም ብትላቸው ማን ይሰማታል? ይህንንም መጽሐፍ ገና ሳትጀምርላቸው ተቀባብለው ተሳልመውታል። የሚሳለሙት ዓይነት እንኳ አልነበረም፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የታተመ፣ ገጹ የወየበ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ሟቹ አጎቷ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ሲመለስ ያመጣው።

በዐሥራ ሦስት ዓመቷ አልቅሳበታለች፤ ያውም በደስታ! አባይነሽ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በፊታውራሪው እግር ላይ ተደፍታ «ጌታዬ፣ ባትጠልፈኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር!» ስትል፣ ሐረገወይን ምነው እኔንም በጠለፈኝ ብላ ተመኝታ ነበር። አቤት ልጅነት! ዛሬ ያው ገጽ፣ ያው ቃል፣ አልዋጥ አላት። ምኑ ነው የተለወጠው? ሌሎቹስ ምን ይሉ ይሆን? ስለዚህ እያነበበች የሴቶቹን ፊት ሰረቅ እያደረገች ታያለች፤ ማን የቱ ላይ እንደሚስቅ፣ ማን የቱ ላይ እንደሚተክዝ ለማወቅ ጓጉታለች።

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነገ ሽማግሌ ይመጣል። የኮሶዬው ባለመሬት፣ ሸጋ ቁመና ያለው፣ ክፉ የማይባለው፣ ዳኛው የተባለ ሰው፣ ሐረገወይንን ለትዳር ጠይቋል። እሷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ለነርስነት ትምህርት ተፈትና አልፋለች። አግብታ ኮሶዬ ከወጣች ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። አክስቷ አዛለች፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ መልሱን ሳትቆርጥ ከርማለች። እምቢ ቢባልስ? እምቢ የተባለ ወንድ በዚህ አገር ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልግም።

እትዬ ሸዋገነትም ዛሬ የመጡት እንዲያው ለንባብ አይደለም። የዳኛው አጎት የአያ ቢያዝን ሚስት ናቸው፤ የመጡት የልጅቱን ልብ ሊያለዝቡ ነው። ከሳቸው የተሻለ ምስክር ደግሞ አይገኝም። ራሳቸውም በልጅነታቸው ተጠልፈው ነው የገቡት፤ ትዳራቸው ግን የሰመረ ነው እየተባለ በአገሩ ሁሉ ይጠቀሳል። አዛለች ሐረገወይንን በመከረች ቁጥር «እትዬ ሸዋገነትን አታያቸውም?» ትላለች።

ሐረገወይን መጨረሻው ላይ ደረሰች። አባይነሽ ተንበረከከች፤ ፊታውራሪው አነሣት፤ እሷም እየሳቀች ተነሣች። «ሴት ልጅ ልቧን የምታውቀው ባሏ ሲያሳውቃት ነው» ብሎ መጽሐፉ ደመደመ።

«እሰይ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» እትዬ አየለች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አዛለችም ዓይኗ ረጥቦ ሐረገወይንን አየቻት፤ ሰማሽ አይደል፣ እንደ ማለት።

እትዬ ሸዋገነት አላለቀሱም። እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም።

«የጻፈው ወንድ ነው?»

«አዎን፣ እትዬ።»

«አባይነሽን ጠይቋት ነበር?»

ሐረገወይን ግራ ገባት። «እትዬ፣ አባይነሽ እኮ የለችም። ጸሐፊው በሐሳቡ የፈጠራት ናት።»

«ምነው አትኖርም!» ተቆጡ። «የምንጩን መንገድ ያውቃል፤ እሾህ ላይ የቀረችውን ነጠላ ያውቃል። የኔም ነጠላ እንዲሁ ነው የቀረችው። ይህን ሁሉ ልክ ልኩን ተናግሮ፣ ምነው መጨረሻው ላይ ዋሸ?»



«እትዬ» አለች አዛለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ እኮ ሁልጊዜ ተመስገን ነው የሚሉ።»

«እላለሁ። ምን ልበል? አምልጬ ብመለስ አባቴ ‹ሴት ልጅ ወይ ከባሏ ወይ ከመቃብሯ› ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ቢያዝን ክፉ አይደለም፤ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ስስቅ ያየኝ ሁሉ ወደደችው አለ። እኔም ይበሉ ብዬ ተውኳቸው። እስከ ዛሬ ግን ‹ወደድሽው ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ የወለደችኝ እናቴ እንኳ። አሁን ብጠየቅ ምን እንደምል እንጃ።»

ሐረገወይንን አሳዘኗት፤ ደግሞም፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት፤ መጽሐፉ አልዋጥ ያላት እሷን ብቻ አልነበረም።

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ያለቀስሁት ለከንቱ ነው?» አሉ እትዬ አየለች ተቀይመው።

እትዬ ሸዋገነት ለመሄድ ሲነሡ አዛለች ተከትላ ብድግ አለች። «እንግዲህ ነገ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው? እርስዎው ይንገሩኝ።»

«ምነው እኔን? ልጅቱ እዚህ ተቀምጣ!»

አዛለች ዞረች። ይህችን ልጅ አብልታታለች፣ ስትታመም አስታማታለች፣ ስታጠፋ ቆንጥጣታለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቃት ግን አታውቅም። አፏም አልለመደውም።

«እሽ… አንቺስ? ምን ትያለሽ?»

ሐረገወይን ብዙ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለሚታከሙት ሰዎች፣ አክስቷን ስለ መጦር። አንዱም አልመጣላትም።

«አልፈልገውም፣ እቴቴ» አለች። ስታነብ ውላ ድምፅዋ ሻክሯል።

አዛለች ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ለመደበቅም አልሞከረች። በመጨረሻ «እንግዲያው ነገ አንቺው ፊታቸው ተቀምጠሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች። «እኔ ብናገረው አክስቷ ናት የከለከለችው ይላሉ። አጠገብሽ እሆናለሁ።»

«ወይ ጉድ! ሴት ልጅ ከሽማግሌ ፊት!» እትዬ አየለች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እትዬ ሸዋገነት በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያጣፉ ቆዩ።

«እኔም ነገ እመጣለሁ» አሉ። «ቢያዝን ከወንድሙ ልጅ ወገን ይቀመጣል፤ የኔም ቦታ እዚያው ነበር።» ሐረገወይንን ትክ ብለው አዩአት። «የት እንደምቀመጥ ግን እንጃ። ስመጣ አየዋለሁ።»

ጎንበስ ብለው ወጡ።